ውሃ የሚጠብቁ ሸምበቆዎች

ዲካንግ ሞኮሮ የምትባለውን ጠባብ ጀልባ መግፋት ከጀመረ አንስቶ ሰው ጭኖ አያውቅም። የሚጭነው ድንኳን ነው፣ የበረዶ ሳጥን ነው፣ ድስት ነው፤ ከሁሉ የባሰችው ደሞ እንግዶች ጫካ ውስጥ ለሽንት የሚቀመጡባት መሀሏ ቀዳዳ የሆነች ወንበር ናት። ሌሎቹ ቀዛፊዎች ጠባቧ ጀልባቸው ጭራ ላይ ቆመው፣ በረጅም ዘንግ የውሃውን ወለል እየገፉ፣ ከፊታቸው ላስቀመጧቸው እንግዶች «ያ አዞ ነው፣ ያ ዝሆን ነው» እያሉ ሲኮሩ፣ እሱ ወንበር ይዞ ከኋላ ይከተላል። አንድ ቀን ሲመረው ለወንበሯ ራሷ አስረዳት። «እመቤቴ፣ በግራዎ በኩል የሚያዛጋው ጉማሬ ነው፤ እጅዎን ውሃ ውስጥ እንዳይከቱ» ሲላት እንግዶቹም ቀዛፊዎቹም ሰሙት። ሳቁ ከመንደር ሳይወጣ ሰነበተ።

ችሎታ አንሶት አይደለም። ኦካቫንጎ ወንዝ ባሕር ሳያይ በረሃው ላይ ተበትኖ የሚቀርበት ያ ሁሉ ደንገል፣ ያ ሁሉ ደሴት፣ ለዲካንግ እንደ እናቱ ግቢ ነው። ሴቡባ መንደር ውስጥ እንደሱ ዘንግ የሚይዝ ወጣት የለም ይባላል። የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ነገሩ ግን ውሸት አልነበረም።

የቀዛፊዎቹ አለቃ ራ ሳንጎ የእናቱ ወንድም ናቸው። በነሱ ወግ ደሞ ሰውን የሚያዝዘው አባቱ ሳይሆን የእናቱ ወንድም ነውና፣ ዲካንግ በመንደርም በውሃም ከሳቸው ማምለጫ የለውም።

«አጎቴ፣ መቼ ነው ሰው የምጭነው?» ይላቸዋል በየጊዜው።

«ወንበሯን ሳትሰብር ካመጣህ እናያለን» ይሉታል፤ ከዚያ ደግመው አያዩም።

ዘንድሮ ግን የራ ሳንጎ ጉልበት እምቢ አለ። ጠዋት ጠዋት አልታጠፍም ይላል፣ ማታ ማታ አልዘረጋም ይላል። በዚያው ሰሞን ማ ቦቲሎ ከማውን ከተማ መጡ። ማ ቦቲሎ እንግዳ ከውጭ ተቀብለው ወደ ጫካ የሚልኩ ወይዘሮ ናቸው፤ እናታቸው አሳ አጥማጅ ስለነበሩ ውሃ ያውቃሉ፣ በወሬ አይታለሉም። አራት ሽማግሌ እንግዶች አሏቸው። እንግዶቹ ሞተር የማይደርስበት፣ መኪና የማይገባበት ሻሻኔ ሐይቅ ድረስ ሄደው፣ ደሴት ላይ እያደሩ፣ አውሬ በእግራቸው ሊያዩ ይፈልጋሉ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ረጅም ጉዞ የሚመራ ሰው ከከተማ ነበር የሚመጣው። የሴቡባ ሰው ይገፋ ነበር እንጂ አይመራም ነበር።

«አርብ እመለሳለሁ» አሉ ማ ቦቲሎ። «በየት እንደምትሄዱ፣ የት እንደምታድሩ፣ ምን እንደምታሳዩ ንገሩኝ። ካመንኩበት ጉዞው የእናንተ ነው። ካላመንኩበት እንደ ድሮው ከከተማ መሪ ይዤ እመጣለሁ። እንዳትቀየሙኝ።»

እሳቸው እንደሄዱ ራ ሳንጎ ቀዛፊዎቹን ሁሉ ሾላው ሥር ሰበሰቡ። «ሰማችሁ» አሉ እግራቸውን ዘርግተው። «እኔ ከእንግዲህ ፊት አልቆምም። ጥሩ ዕቅድ ያመጣ ሰው የፊቱን ዘንግ ይይዛል። ማነው?»

ዲካንግ «ማነው» ሳይባል ቆሟል። ዞር ሲል ግን ሌላም የቆመ ሰው አየ። ጋሌቦዌ ናት፣ የራ ሳንጎ ልጅ። ለዲካንግ የእናቱ ወንድም ልጅ ማለት ናት፤ ሴቡባ ውስጥ ደሞ የእናት ወንድም ልጅ አንድም ትዳር ናት፣ አንድም ስድብ ናት። እንደፈለግህ ትሰድባታለህ፣ እንደፈለገች ትሰድብሃለች፣ ዕቃህን ብትደብቅብህ ልትከሳት አትችልም። እነዚህ ሁለቱ ትዳሩን ትተው ስድቡን ብቻ ይዘዋል።

«ቁጭ በል ባልዬ» አለችው። «ወንበሯ ብቻዋን ምን ትሆናለች?»

«አንቺ ትጠብቂያታለሽ ሚስቴ። ወንበርና አንቺ ትግባባላችሁ፣ ሁለታችሁም መሀላችሁ ባዶ ነው።»

«ባለፈው ክረምት መረብ ጥሎ የገዛ ሱሪውን ያጠመደ ሰው ሊመራን ነው እንግዲህ።»

«ሱሪዬ አምባዛ ያህል ይመዝን ነበር። አንቺ ያን ቀን ባዶሽን ነው የገባሽው።»

«ጨረሳችሁ?» አሉ ራ ሳንጎ።

«ገና ነን አባባ» አለች ጋሌቦዌ።

ሁለቱም ዕቅዳቸውን በአፍ አቀረቡ። ከመንደሩ ወደ ሻሻኔ የሚወስዱ ሁለት ቦዮች አሉ። ዲካንግ የግራውን መረጠ። የግራው ጠባብ ነው፣ ደንገሉ ከራስ በላይ ይዘጋል፣ ግን የረግረግ አጋዘኑ፣ ጎሹ፣ ነብሩ ያለው እዚያ ነው። ጋሌቦዌ የቀኙን መረጠች። የቀኙ ሰፊ ነው፣ ረጋ ያለ ነው፣ ለሽማግሌ ይመቻል፤ አውሬው ግን ከሩቅ ነው የሚታየው።

ራ ሳንጎ ሁለቱንም አዳምጠው ቀዛፊው ሁሉ የጠበቀውን ነገር አሉ። «ሸምበቆ ትከሉ።»

በዚያ አገር ጎርፍ የሚመጣው ዝናብ ሲዘንብ አይደለም። ዝናቡ ሩቅ አንጎላ ተራራ ላይ ወርዶ፣ ውሃው ወር ከወር እየዳኸ፣ ሴቡባ የሚደርሰው ሰማዩ ጠርቶ ብርድ ሲገባ ነው። ሲደርስም በየዓመቱ በአንድ መንገድ አይሄድም። አንዱን ቦይ ይሞላል፣ ሌላውን ይረሳል። ስለዚህ ሰው ጉዞ ሲያስብ ዛሬ ያለውን ውሃ አይቶ አይወስንም። በቦዩ አፍ፣ ልክ ውሃው ጠርዝ ላይ ሸምበቆ ተክሎ ይጠብቃል። ውሃው ሸምበቆውን አልፎ ከሄደ ቦዩ ዘንድሮ ጠጥቷል። ሸምበቆው ደረቅ ላይ ከቀረ የዘንድሮው መንገድ በዚያ አይደለም።

«አርብ ጠዋት አያለሁ» አሉ ራ ሳንጎ። «ሸምበቆው ውሃ ውስጥ የቆመለት ሰው የፊቱን ዘንግ ይይዛል።»

ሁለቱም ሸምበቆ ተክለው፣ አርብ አንድ ቀን ሲቀረው ዲካንግ ገንፎውን ሳያኝክ ዋጠ። ከሸምበቆ ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ ማለት እሱ ምንም ሳይሠራ ማሸነፍ ነው፤ ምንም ሳይሠራ መጠበቅ ደሞ አይችልበትም። ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ውስጥ በተጋደመበት ሰዓት ብድግ ብሎ ጀልባውን ገፋ። መጀመሪያ የሄደው ወደ ጋሌቦዌ ሸምበቆ ነው። ውሃው የሸምበቆውን እግር ልሶ ቆሟል፤ አልፎም አልሄደ፣ ወደኋላም አልቀረ። ዲካንግ ግራ ቀኝ አየ። አንድ ሳቢሳ በአንድ እግሩ ቆሞ ያየዋል።

«አንተ ምንም አላየህም» አለው ለሳቢሳው። ሸምበቆውን ነቅሎ ወደ ደረቁ ወሰድ አድርጎ ተከለው። የቀደመውን ቀዳዳ በጭቃ ደፍኖ፣ ጭቃውን በሣር ጠረገ። ሥራው ደስ አለው። አናጢ ሥራውን ጨርሶ ዞር ብሎ እንደሚያይ እሱም ዞር ብሎ አየ።

ከዚያ ወደ ራሱ ሸምበቆ ሄደ። የሄደው ወደ ውሃው ትንሽ ሊያስገባው ነበር። ሲደርስ ግን ሸምበቆው አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቆሟል፣ እስከ ጉልበቱ። ዲካንግ ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሳቀ። የግራው ቦይ በራሱ ጊዜ ጠጥቷል ማለት ነው። ማጭበርበር እንኳ አላስፈለገውም። የጋሌቦዌን መንቀሉ ነገር ትንሽ ቅር አለው፤ ግን ተመልሶ ለማስተካከል ፀሐዩ ከረረበት።

አርብ ጠዋት ራ ሳንጎ ከጀልባቸው ሳይወርዱ ሁለቱንም ዞረው አዩ። የግራው ውሃ ውስጥ፣ የቀኙ ደረቅ ላይ። ተመልሰው «የዲካንግ ነው» ብለው ብቻ ወደ ሾላው ሥር ሄዱ። ማ ቦቲሎ ደርሰው ቁጭ ብለዋል፤ የውሃ አበባ ሥር ከአሳ ጋር ተቀቅሎ ቀርቦላቸው በእጃቸው እየበሉ ነበር።

«በል ንገረኝ» አሉ አጥንቱን እየለዩ። «የመጀመሪያውን ቀን የት ታሳድራቸዋለህ?»

«በግራው ቦይ ገብተን ፀሐይ ሳይበረታ ኩይሳ ያለባት ደሴት እንደርሳለን። ትልቋ ኩይሳ ነፋስ ትከልላለች። ድንኳን ከሰሜን በኩል ነው የምንተክለው፣ በደቡብ በኩል የጉማሬ መውጫ አለ። ጉማሬ ሣር ሊግጥ በሚወጣበት መንገድ ላይ የተኛ ሰው ጠዋት አይነሳም።»

«ሁለተኛውን ቀን? የዘንባባዋ ደሴት ታምራለች ይላሉ።»

«ታምራለች፣ ግን አናድርባትም ማ ቦቲሎ። ዘንድሮ ዘንባባው አፍርቷል፣ ዝሆን ፍሬውን ሊያራግፍ ይመጣል። ግንዱን በግንባሩ ነው የሚወዘውዘው። ፍሬው ድንኳን ላይ ሲዘንብ ሽማግሌዎቹ ጦርነት መጣ ይላሉ። ከማዶ ባለችው ትንሿ ደሴት ላይ አድረን ዝሆኑን ከዚያ ሆነን እናየዋለን።»

«አንደኛዋ እንግዳ እግሯ አይታጠፍም።»

«ሰምቻለሁ። ገደል የሌለበት መውረጃ ያላቸውን ደሴቶች ነው የመረጥኩት። ጀልባዋን እስከ ሣሩ ድረስ አስገባታለሁ፤ ከወንበር እንደመነሳት ነው የሚሆንላት።»

ማ ቦቲሎ ማኘክ አቁመው አዩት። ዲካንግ ልቡ እንደ ዱባ አበጠ። ዞሮ ጋሌቦዌን አየ፣ ስድቧን ሊቀበል ተዘጋጅቶ።

ጋሌቦዌ እጆቿን አጣምራ በትህትና ቆማለች። «የአክስቴ ልጅ መልካም ተናገረ» አለች። «ይቅናው።»

ዲካንግ ጠረጠረ። ይቺ ልጅ ጥርስ ካወጣች ጀምሮ አንድ ደግ ቃል ተናግራው አታውቅም። ታሞ ተኝቶ እንኳ «ሞትክ ወይስ መረቡን ልውሰድ?» ነው ያለችው። እንዲህ ዓይነት ዘመድ «ይቅናው» ካለች አንድ ነገር አድርጋለች ማለት ነው። በሐሳቡ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሸምበቆውን በዓይነ ኅሊናው አየው። ውሃ ቀስ እያለ የወጣበት ሸምበቆ በየደረጃው አረንጓዴ ዝቃጭ ይይዛል። የሱ ሸምበቆ ግን ንጹሕ ነበር፤ አሁን ታጥቦ የተተከለ ዓይነት። ያን ቀን አይቶታል። ደስታው ነው ያሳወረው።

በዚህ መሀል ራ ሳንጎ የፊቱን ዘንግ፣ በእጃቸው ላብ የጠቆረውን የራሳቸውን ዘንግ፣ አንስተው ሰጡት። ቀዛፊው ሁሉ አጨበጨበ።

«እንግዲያው መግቢያውን አሳየኝና ልመን» አሉ ማ ቦቲሎ እጃቸውን እየታጠቡ።

ሦስት ጀልባ ሆነው ወጡ። ዲካንግ ማ ቦቲሎን ከፊቱ አስቀምጦ ይመራል፤ ጋሌቦዌ ትከተላለች፤ ራ ሳንጎ «ተቀመጡ» ቢባሉ እምቢ ብለው፣ ሌላ ዘንግ ይዘው፣ አንድ እግራቸውን እያሳረፉ ከኋላ ይገፋሉ። ዲካንግ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ሰው ጭኗል፤ ግን ስለ አዞም ስለ ወፍም አንድ ቃል አልወጣውም። የውሃ አበባው ጀልባዋን እያሻሸ ያልፋል። ቦዮቹ የሚለያዩበት ቦታ ሲደርሱ ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ ጀልባዋን አቆመ።

ቢገባ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ጭቃ ይጀምራል፣ ከዚያ ማ ቦቲሎ በዚያ ንጹሕ ጫማቸው ይወርዳሉ፣ ጋሌቦዌ ከኋላ ትስቃለች። ሳቋን ይችለዋል። ማ ቦቲሎ ግን ለሳቅ አልመጡም፤ ዛሬ ጭቃ ላይ ከተቀመጡ ከከተማ መሪ ይዘው ይመጣሉ፣ ሴቡባም እንደ ድሮው ስትገፋ ትኖራለች። ባይናገር ደሞ፣ ውሃው በተአምር ዛሬ ቢያሳልፋቸው እንኳ፣ እግሯ የማይታጠፈውን ሴትዮ ይዞ መሀል ላይ የሚደርቀው እሱ ነው።

«ማ ቦቲሎ» አለ። «በዚህ አንሄድም።»

«ለምን?»

«ሸምበቆዬን ሰው ነቅሎታል።»

«ማነው የነቀለው?» አሉ ራ ሳንጎ ከኋላ።

ጋሌቦዌ ሳቋን ይዛ ይዛ አልቻለችም። ዘንጓን አቅፋ ጎንበስ እስክትል ሳቀች። «እኔ ነኝ አባባ። አንድ ጊዜ ብቻ ጭቃ ውስጥ ተዘፍቆ ሲያወራ ልየው ብዬ ነው። ውሃ ውስጥ ሳስገባለት እንዴት አለመጠርጠሩ ገርሞኝ ነበር። ሸምበቆዬ ደረቅ ላይ ሲቀር ደሞ እንጃ፣ እኔም ዕድሌ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ዕድልሽ እኔ ነኝ» አለ ዲካንግ። «ያንቺንም ነቅያለሁ።»

ሳቋ ተቋረጠ። ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ራ ሳንጎ ዞሩ። ሽማግሌው ዘንጋቸው ላይ ተደግፈው ሁለቱን በየተራ አዩ። የእንዲህ ዓይነት ዘመዳሞች ተንኮል ቅጣት እንደሌለው እሳቸውም ያውቃሉ፤ ራሳቸው በወጣትነታቸው የአክስታቸውን ልጅ ጀልባ ዛፍ ላይ ሰቅለዋል።

«እርስ በርስ መቀለድ ትችላላችሁ» አሉ ዝግ ብለው። «እኚህ ወይዘሮ ግን ዘመዳችሁ አይደሉም። እንግዶቻቸውም ዘመዶቻችሁ አይደሉም።»

ማ ቦቲሎ ወደ ዲካንግ ዞሩ። «እሺ። ስድቡን ስትመለሱ ትጨርሱታላችሁ። አሁን መንገድ አለህ ወይስ የለህም?»

ዲካንግ የመጣለትን ቀልድ ዋጠው። የጠየቁት የእውነት ጥያቄ ነበር፤ እሱም የእውነት ማሰብ ጀመረ። የሱ ሸምበቆ ከተነካ የግራው ቦይ አልጠጣም። የጋሌቦዌን ሲያየው ውሃው እግሩን ልሶ ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ የቀኙም አልጠጣም። ላይ ያሉት መንደሮች ደሞ ጎርፍ ደረሰልን ካሉ ሰንብተዋል። ያ ሁሉ ውሃ ታዲያ የት ገባ?

ጀልባዋ ጭራ ላይ እንደቆመ በእግር ጣቱ ተንጠራራ። በሁለቱ ቦዮች መሀል፣ ከበቀለው ሸምበቆ ወዲያ ማዶ፣ ሽመላዎች ይዞራሉ። አንድ ሁለት አይደሉም፤ አየሩ በነሱ ተወርሯል። ይወርዳሉ፣ ይነሳሉ፣ ከወረዱበት ትንሽ ወደፊት አልፈው ደግመው ይወርዳሉ።

«ጋሌቦዌ፣ አየሽ?»

«አየሁ» አለች። ሳቁ ከድምጿ ወጥቷል። «ወደፊት እየሄዱ ነው የሚበሉት።»

«ጎርፉ ፊት ፊት እየሄዱ ነው። ውሃው ከየጉድጓዱ የሚያስወጣውን እንቁራሪትና አንበጣ ይለቅማሉ።» ወደ ራ ሳንጎ ዞረ። «አጎቴ፣ እዚያ መሀል ላይ ምን ነበር?»

«አሮጌው ቦይ ነዋ» አሉ ራ ሳንጎ። «እኔ ልጅ ሆኜ የምንሄድበት። ደንገል ዘጋው፣ ረሳነው።»

«አምና እሳት የበላው እሱን አይደል?»

ሽማግሌው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አምና በደረቁ ወራት እሳት ከማዶ ተነስቶ ደንገሉን ስንት ቀን ሲበላ መንደሩ ሁሉ ጭሱን እየሳለ አይቷል፤ እሳቱ በር እየከፈተ ነው ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ዲካንግ ሸምበቆውን በዘንጉ እየከፈለ ገባ። ሁለቱ ተከተሉት። ለጊዜው ሸምበቆ ብቻ ነበር፤ ማ ቦቲሎ ሸረሪት ከፀጉራቸው ላይ ያራግፋሉ፣ ሳይናደዱ። ከዚያ ሸምበቆው ሳሳ፣ ከሰል የመሰለ የተቃጠለ ሥር ታየ፣ ከመሀሉም ሰፊ ጥርት ያለ ውሃ ተዘረጋ። ውሃው ይንቀሳቀሳል። ገለባና አረፋ ይዞ፣ ጉንዳን ተሸክሞ ይሄዳል። ዲካንግ ዘንጉን ወደ ታች ሰደደ፤ ዘንጉ ግማሹን ገባ።

«ጠጥቷል» አለ።

ወዲያው ዘንጉን አንስቶ ውሃውን በጎኑ መታ፣ ሁሉም ቆሙ። ከፊት፣ ቦዩ ከሚታጠፍበት፣ ሁለት ጆሮና ሁለት አፍንጫ ብቅ ብለዋል። ወንድ ጉማሬ ነው። አዲሱን ውሃ ከሰው ቀድሞ ወርሶታል።

«እንመለስ?» አሉ ማ ቦቲሎ በለሆሳስ።

«የለም። እሱ ጥልቁን ነው የሚፈልገው፣ እንተውለት። እኛ በዚያ በግራ ሣር ለሣር፣ አጋዘኖቹ በሚረግጡበት እናልፋለን። እዚያ ውሃው ለሱ ሆድ አይበቃውም።» እንደገና ውሃውን መታ፣ ቀስ አድርጎ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፤ ጉማሬው የት እንዳሉ ይወቅ ብሎ ነው። ጉማሬው ትንፋሹን ለቀቀ፣ አዛጋ፣ ሰመጠ። ዲካንግ የአረፋውን መስመር ወደ ጥልቁ ሲሄድ ጠብቆ አየና ጀልባዋን ወደ ሣሩ አስጠጋ። ሣሩ ሲንሿሿ፣ ማዶ የቆሙት አጋዘኖች ቀና ብለው አዩና ተመልሰው ጋጡ። ማ ቦቲሎ ትንፋሻቸውን የለቀቁት ጉማሬውን ወደ ኋላ ትተው መታጠፊያውን ካለፉ በኋላ ነው።

አንዲት ኩይሳ ያለባት ሣራም ደሴት ላይ ወረዱ። ዲካንግና ጋሌቦዌ መሬቱ ላይ ቁጭ ብለው ጉዞውን እንደገና አቀዱት፤ ደሴቱን በድንጋይ፣ ቦዩን በጣት እየሠሩ።

«የመጀመሪያው አዳር እዚሁ» አለ ዲካንግ።

«እዚህ? ነፋሱን ማን ይከልልሃል፣ ጆሮህ?»

«ኩይሳዋ አለች።»

«ኩይሳዋ ምዕራብ ናት፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው፣ ደነዝ። እዚያ ማዶ ዛፍ ያለባት ትሻላለች።»

ዲካንግ ቀና ብሎ አየ። ሣሩ ወደ የት እንደተኛ አየ። «ትሻላለች» አለ። «ሁለተኛው ግን የኔ ነው።»

«ሁለተኛውን ልስማውና እወስናለሁ።»

ራ ሳንጎ አሮጌው ቦይ ድሮ ሻሻኔ የሚገባው በየት እንደነበር ነገሯቸው፤ የልጅነት የአሳ ማጥመጃ ቦታቸውን በዘንግ ጫፍ አሳዩአቸው። ማ ቦቲሎ እያዳመጡ፣ አልፎ አልፎ ስለ ድንኳን፣ ስለ ምግብ፣ ስለ እግሯ የማይታጠፈው ሴትዮ እየጠየቁ ቆዩና ተነሱ።

«ጥሩ» አሉ። «ማክሰኞ አመጣቸዋለሁ።»

«ማክሰኞ አይሆንም» አለ ዲካንግ።

«ምን አልክ?»

«ውሃው ገና መንገድ ላይ ነው። እዚህ ደርሷል፣ ሻሻኔ ግን አልደረሰም። ማክሰኞ ከገባን ውሃውን ቀድመን እንደርስና ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን። ሽመላዎቹ ሻሻኔ ሲደርሱ እልክብዎታለሁ፤ ያኔ ያምጧቸው።»

«ልጄ፣ ሰዎቹ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠዋል። ሽመላ እስኪደርስ ጠብቁ ልበላቸው?»

«ማውን አካባቢ የሚያዩት አይጠፋም። እርስዎ ያውቁበታል።» ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። «ማክሰኞ ምራ ካሉኝ ግን አልመራም። ከከተማ የሚመጣው ይምራ።»

ጋሌቦዌ ጎኑን በክርኗ ልትነካው ነበር፤ ተወችው። ራ ሳንጎ ወደ ውሃው ያያሉ፣ እንዳልሰማ ሰው። ማ ቦቲሎ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ዲካንግን ከላይ እስከ ታች ገመገሙት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ሰማይ ዘረጉ፣ መስመር የለም፤ ኩይሳዋ ላይ ወጡ፣ እዚያም ትንሽ ነው ያገኙት። በትንሿ መስመር እየጮሁ ለአንድ ሰው «አይ፣ ማክሰኞ አይደለም። መሪው አይሆንም ብሏል» አሉ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አንድ ነገር ሳይጠይቃቸው አልቀረም። «አዎ፣ መሪ አለን» አሉ። «ከሴቡባ ነው።»

ለመመለስ ሲነሱ ማ ቦቲሎ በራሳቸው ወደ ጋሌቦዌ ጀልባ ሄደው ተቀመጡ፤ ስለ ዛፏ ደሴት ሊጠይቋት ፈልገው ነው። ራ ሳንጎ የጀልባቸውን ገመድ አንስተው ለልጃቸው ወረወሩላት። ዘንጋቸውን አጋድመው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ የዲካንግ ጀልባ ውስጥ ገቡና ወለሏ ላይ፣ የተነጠፈው ሣር ላይ፣ ተቀመጡ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ተመቻቹ። እግራቸውን ዘረጉ።

«ግፋ እንጂ» አሉ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።